የሚታይ ኤሌክትሪክ፦ በእጅ የሚሠራ የቲዩብ ሬዲዮ ለምን ይናፈቃል?

በወላጆቻችን ወይም በአያቶቻችን ሳሎን ዳንቴል ለብሶ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ የነበረውን ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ የሚያስታውስ ሰው፣ ማብሪያው ከተከፈተ በኋላ ድምፅ እስኪመጣ የነበረችውን አጭር ዝምታም አይረሳትም። ዜናው ሊያመልጠን ነው ተብሎ ቢጣደፉትም ሬዲዮው አይቸኩልም፤ ከጀርባው ባለው ካርቶን ቀዳዳዎች በኩል ፍም የመሰለ ብርሃን ቀስ እያለ ይነሣል፣ የሞቀ አቧራ ሽታ ይከተላል፣ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ እየቀረበና እየጎላ። ፍም የመሰለው ነገር ቫኩም ቲዩብ ነው፤ ቫልቭ የሚሉትም አሉ።

ያ ብርሃን ከቤታችን ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች፣ በኪስ የሚያዝ ዘመናዊ የመገናኛ ሬዲዮ ገዝተው መጠቀም ሲችሉ፣ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ቲዩብ ፈልገው፣ በጣውላ ወይም በአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ተክለው፣ ሽቦ ጠቅልለው ማስተላለፊያና መቀበያ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች አሉ። ከውጭ ለሚያይ፣ የጋዝ ምድጃ እያለ ሦስት ጉልቻ እንደ መጎለት ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ትዝታ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ቲዩብ በየሱቁ በሚሸጥበት ዘመን ገና አልተወለዱም። ሰው ያልኖረበትን ዘመን ከናፈቀ፣ ዛሬ ያጣው አንድ ነገር በዚያ ዘመን ስላየ መሆን አለበት። በእኔ እምነት ያ ነገር የአሠራሩ ግልጽነት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው በዓይንና በእጅ መከተል መቻል። ይህን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ዕቃውን ራሱን መፍታት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማተር ሬዲዮ ማለት ግለሰቦች ፈተና አልፈውና ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው፣ ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ከሌሎች አማተሮች ጋር ለመገናኘት፣ በተመደበላቸው የሞገድ ክልል የራሳቸውን ጣቢያ የሚያንቀሳቅሱበት ሥራ ነው። ከሌሎች የሬዲዮ አገልግሎቶች የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የሞባይል ስልክም ሆነ የታክሲ መገናኛ ሬዲዮ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተመርምሮና ጸድቆ ነው የሚመጣው፤ አማተሩ ግን በብዙ አገሮች ማስተላለፊያውን ራሱ ሠርቶ አየር ላይ እንዲወጣ ሕጉ ይፈቅድለታል። በእጅ የመሥራቱ ባህል ሥር የሰደደውም በዚሁ ፈቃድ ላይ ነው።

ወደ ቲዩቡ እንመለስ። ቲዩብ አየሩ ተመጥጦ የታሸገ የብርጭቆ ወይም የብረት ዕቃ ነው። መሐሉ ላይ እንደ አምፖል ክር የምትግል ማሞቂያ አለች፤ እሷ ካቶድ የሚባለውን፣ በልዩ ኦክሳይድ የተቀባውን ቀጭን ቱቦ ታሞቀዋለች፤ ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ እንደ እንፋሎት ይነሣሉ። ዙሪያውን የከበበው ፕሌት የሚባል ብረት በመቶዎች ቮልት የሚቆጠር ፖዘቲቭ ኃይል ስለሚሰጠው ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። እስከዚህ ድረስ ዕቃው የአንድ አቅጣጫ መንገድ ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 የሠራው ይህንን ነበር፤ ቫልቭ የሚለው ስምም ውኃ በአንድ በኩል ብቻ ከሚያሳልፍ መዝጊያ የተወሰደ ነው። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 በካቶዱና በፕሌቱ መካከል ግሪድ የሚባል የሽቦ ወንፊት ጨመረበት። ግሪዱ ላይ የሚደረግ ትንሽ የቮልት ለውጥ በካቶድና በፕሌት መካከል የሚያልፈውን ትልቅ ፍሰት ይከፍተዋል ወይም ያፍነዋል፤ የመስኖ ገበሬ በአንድ አካፋ ጭቃ የቦዩን ውኃ እንደሚያዞረው ማለት ነው። ደካማን ምልክት ማጉላት የተቻለው በዚህ ነው።

ቲዩብን በእጁ ያገላበጠ ሰው ከብርጭቆው አናት ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብርማ ቅብ ማየቱ አይቀርም። ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ባሪየም የሚባል ብረት ነው፤ በምርቱ ጊዜ ያልተመጠጠውንና በኋላም ከውስጥ የሚወጣውን ጋዝ እየዋጠ ባዶነቱን ይጠብቃል። ብርጭቆው ተሰንጥቆ አየር ከገባ ያ ብርማ ቅብ ወደ ወተት ነጭ ይለወጣል። ስለዚህ የሞተ ቲዩብ አንዳንድ ጊዜ ያለ ምንም መለኪያ፣ በዓይን ብቻ ይታወቃል። በእጅ ስልካችን ውስጥ ካሉት፣ የቲዩብን ቦታ ከያዙት ቢሊዮኖች ጥቃቅን ትራንዚስተሮች አንዱ ቢበላሽ ማን ያየዋል?

የቲዩብ ዘመን አማተሮች ዝና የጀመረው በ1921 ታኅሣሥ ነው። በዚያ ወር በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት ግሪኒች ከተማ ጥቂት የሬዲዮ ወዳጆች፣ ከእነሱም አንዱ ኤድዊን አርምስትሮንግ፣ የሠሩት አነስተኛ የቲዩብ ጣቢያ የላከው ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ስኮትላንድ ውስጥ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በድንኳን ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሌላ አማተር ተሰማ። በ1923 ኅዳር ደግሞ ኒስ ላይ የነበረው ፈረንሳዊ ሊዮን ደሎይና አሜሪካውያን አቻዎቹ የሁለት መንገድ ግንኙነት አደረጉ። አጭር ሞገድ ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር፣ ከአዮኖስፌር፣ ነጥሮ ወደ ምድር ስለሚመለስ ትንሽ ኃይል ሩቅ ይደርሳል፤ ባለሙያዎች ከንቱ ናቸው ብለው ለአማተሮች የተዉላቸው አጫጭር ሞገዶች ወርቅ ሆነው ተገኙ።

ናፍቆቱ በጠባቡ ሲታይ ግን ይበልጥ የሚያርፈው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ላይ ነው። በ1951 የአሜሪካ መንግሥት ኖቪስ የሚባል የጀማሪ ፈቃድ አወጣ። ፈተናው ቀላል ነበር፤ በደቂቃ አምስት ቃል በሞርስ (ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚወክለው ኮድ) መላክና መቀበል፣ ከዚያም ጥቂት የሕግና የቴክኒክ ጥያቄዎች። ማስተላለፊያው ከ75 ዋት በላይ ኃይል እንዳይወስድ ተወስኖ ነበር፤ ሞገዱም ጀማሪው ከክልሉ እንዳይወጣ በክሪስታል እንዲጸና ሕጉ ያስገድድ ነበር። ፈቃዱ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግልና የማይታደስ ስለነበር፣ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዚያች አንድ ዓመት ውስጥ ጣቢያውን ሠርቶ፣ ሞርስ አጣርቶ፣ ከፍ ወዳለ ፈቃድ መሻገር ነበረበት። ገንዘብ የለውም፤ ዕቃው ግን በየቦታው ፈስሶ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ጦር ለመገናኛ ያዘጋጀው ዕቃ በተራፊ ስም በሳንቲም ተቸበቸበ፤ የተጣለ ቴሌቪዥን ደግሞ ትልቅ ትራንስፎርመር፣ ቲዩብና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) የሞላበት ማዕድን ነበር።

ከተራፊው መካከል ለጀማሪው ውድ የነበረው ክሪስታል ነው። ኤፍ ቲ 243 የሚባለው፣ ሁለት እግር ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ማቀፊያ፣ ውስጡ ከፖስታ ቴምብር የምታንስ ስስ የኳርትዝ ቁራጭ ይዟል። ኳርትዝ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይርገበገባል፤ የሚርገበገብበት ፍጥነት በውፍረቱ ይወሰናል፤ ሲሳሳ ፍሪኩዌንሲው ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ የገዛው ክሪስታል ለጀማሪዎች ከተፈቀደው ክልል ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ማቀፊያውን በብሎን መፍቻ ከፍቶ፣ ቁራጯን በመስተዋት ላይ በማጽጃ ዱቄትና በውኃ እያሸ ያሳሳታል፤ ያጥባታል፣ ይለካታል፣ እንደገና ያሻታል። አንድ ጊዜ አብዝቶ ካሻት መመለሻ የለውም። ሞገድ በጣት ጫፍ ስትስተካከል ያየ ልጅ፣ ፍሪኩዌንሲ የሚለው ቃል ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር ብቻ ሆኖ አይቀርበትም።

ማስተላለፊያው ራሱ አንድ ቲዩብ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ በ1936 ያወጣው 6ኤል6 ነው። ስሙ ላይ ያለችው 6 የማሞቂያውን ቮልት ታመለክታለች፤ በትክክል 6.3 ቮልት ነው፤ ቁጥሩም የመጣው የዚያን ዘመን የመኪና ባትሪ ከነበሩት ሦስት ሴሎች ነው። ቲዩቡ፣ ክሪስታሉ፣ በእጅ የተጠቀለለ አንድ ኮይል (የሽቦ ጥቅል)፣ ቢላዎቹ ሲዞሩ የሚገባቡ አንድ ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ ዕቃዎች)፣ የሞርስ ቁልፍና የኃይል ማመንጫ ክፍል፤ ሁሉም በጣውላ ላይ በብሎን ይታሰራል። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን ለሙከራ የሚጠቀሙበት ነጭ ፕላስቲክ ብሬድቦርድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ የቀድሞዎቹ አማተሮች ከእናታቸው ማዕድ ቤት የዳቦ መቁረጫ ጣውላ እያነሡ ይሠሩበት ነበርና። ኮይል መጠቅለያውም ብዙ ጊዜ ከተሰበረ ቲዩብ የተረፈው ባለ እግር መቀመጫ ነው፤ ሞገድ መቀየር ሲፈለግ አንዱ ተነቅሎ ሌላው ይሰካል።

ሥራው ሲያልቅ ደስ የሚለው ክፍል ይመጣል። ገና አንቴና አይገናኝም፤ በምትኩ የ40 ዋት አምፖል ይታሰርለታል። ማሞቂያዎቹ እስኪግሉ ይጠበቃል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ የፕሌቱን ፍሰት የሚያሳየው መርፌ ወደ ላይ ይወረወራል። አሁን መቸኮል አለ፤ ኮይሉና ካፓሲተሩ ከሞገዱ ጋር ካልተስማሙ ኃይሉ ሁሉ ፕሌቱ ላይ ያርፍና ብረቱ ራሱ መቅላት ይጀምራል። ካፓሲተሩ ቀስ ተደርጎ ሲዞር፣ አንድ ቦታ ላይ መርፌው ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። አማተሮች ይህችን ቅጽበት ዲፕ ይሏታል፤ ኮይሉና ካፓሲተሩ ከክሪስታሉ ጋር ተስማሙ ማለት ነው። ከዚያ ጭነቱ ቀስ እየተባለ ሲጨመር መርፌው ተመልሶ ይነሣል፣ አምፖሉም ይበራል። ትንሽ የኒዮን መብራት ያለ አንዳች ሽቦ ወደ ኮይሉ ጠጋ ሲደረግም በአየር ላይ ትቀላለች። ኮምፒውተር ላይ «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ማንበብና ይህን ማየት አንድ አይደሉም።

መቀበያው ከማስተላለፊያው ይልቅ ባሕርይ አለው። አርምስትሮንግ በ1912 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ያገኘው ዘዴ፣ ቲዩቡ ካጎላው ምልክት ከፊሉን መልሶ ወደ ግሪዱ መስጠት ነው። የተጎላው እንደገና ይጎላል፣ ያም እንደገና፤ አንድ ቲዩብ የብዙ ቲዩቦችን ሥራ ይሠራል። (ደ ፎረስት «የእኔ ነው» ብሎ ተነሣና ክርክሩ ለዓመታት ተጎትቶ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ፤ መሐንዲሶቹ ግን አብዛኞቹ ዛሬም ከአርምስትሮንግ ጋር ናቸው።) የመልሱ መጠን በአንድ መዘውር ይስተካከላል፤ ሲያንስ ሬዲዮው ይደነቁራል፣ ሲበዛ ራሱ ያፏጫል፤ ጥሩው ቦታ በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ጠርዝ ነው፤ ቡና ሊገነፍል ሲል ጀበናዋን እንደ መያዝ። እጅዎን ወደ መዘውሩ ሲያስጠጉ የሰውነትዎ ቅርበት ብቻ ድምፁን ያዛባዋል፤ ስለዚህ የሠራው ሰው ከመቀበያው ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ እንኳ ይማራል።

ይህ መቀበያ ከባድ ጉድለት እንዳለበትም መደበቅ አይገባም፤ ጉድለቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በናዚ በተያዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚሠሩ ምስጢራዊ ወኪሎች ፓራሴት የተባለች ትንሽ ሬዲዮ ያስገቡ ነበር። ማስተላለፊያዋ አንድ 6ቪ6 ቲዩብ፣ መቀበያዋ ሁለት 6ኤስኬ7 ብቻ ነበሩ፤ የሞርስ ቁልፉ እዚያው ከፊቷ ላይ የተሠራ ነው፤ ኃይሏ ጥቂት ዋት ነው። ነገር ግን መቀበያው በፉጨት ጠርዝ ላይ ሲሠራ እሱም በአንቴናው በኩል ትንሽ ሞገድ ይረጫል፤ ወኪሉ ዝም ብሎ እያዳመጠ ሳለ እንኳ በአቅራቢያው ያለ የጠላት አዳኝ ሊሰማው ይችል ነበር። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የፓራሴትን ቅጂ የሚሠሩ አማተሮች ብዙ ናቸው። ዕቃዎቹ ጥቂት፣ ሥዕሉ የታወቀ በመሆኑ ለመሥራት አይከብድም፤ ሠርቶ አየር ላይ የወጣ ሰው ግን፣ ያፏጨችበትን መዘውር እያስተካከለ ሳለ፣ ያ ወኪል በአንድ ጣሪያ ሥር በምን ልብ ይሠራ እንደነበር ማሰቡ አይቀርም።

ለመሆኑ የቲዩብ ሬዲዮ ከዘመናዊው ይበልጣል? አይበልጥም። ይሞቃል፣ ኮረንቲ ይበላል፣ ይከብዳል፣ ሞገዱም እየሞቀ ሲሄድ ይንሸራተታል። በሙዚቃ ማጉያ ዘንድ ስለ ቲዩብ ድምፅ ልስላሴ የሚባለው ነገር በሞርስ ላይ ብዙ ትርጉም የለውም። የናፍቆቱ ሰዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሚስባቸው ሲበላሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቲዩቡ ካልጋለ ክሩ ተቃጥሏል፤ ሬዚስተሩ ከጠቆረ ከኋላው ያለው ካፓሲተር አሳልፏል፤ ትራንስፎርመሩ ከሸተተ አንድ ቦታ ተነካክቷል። ዓይን፣ አፍንጫና ጆሮ መለኪያዎች ናቸው። ዛሬ የምንይዛቸው ዕቃዎች ሲበላሹ «ቦርዱ ይቀየር» ይባላል፤ የቀየረውም ሰው ቦርዱ ውስጥ ምን እንደሞተ አያውቅም።

አደጋውን በአንድ መስመር ማለፍ ግን ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። በእነዚህ ሬዲዮዎች ውስጥ ከ300 እስከ 800 ቮልት፣ በትላልቆቹም ከዚያ የሚበልጥ ኃይል አለ፤ ይህ ሰው ይገድላል። ኮረንቲው ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ኃይሉን አምቀው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚጠነቀቅ ሠሪ ኃይሉን ቀስ እያለ የሚያፈስ ሬዚስተር በቋሚነት ያስራል፣ ከመንካቱ በፊት በመለኪያ ያረጋግጣል፣ የበራ ዕቃ ሲመረምርም አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ያደርጋል፤ ኮረንቲ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ መንገዱ በልብ በኩል ነውና። በጣውላ ላይ የተገለጠው ሥራ ውበቱም አደጋውም ግልጽነቱ ነው፤ የልጆች እጅ በሚደርስበት ቤት በፍጹም እንዲሁ አይተውም።

ዋጋውም ተለውጧል። ቀድሞ ድህነት ያስገደደው ሥራ አሁን ገንዘብ ይጠይቃል፤ የጦርነቱ ተራፊ አልቋል፣ ጥሩ ትራንስፎርመርና ተለዋዋጭ ካፓሲተር ማግኘት ከቲዩቡ ይልቅ ያስቸግራል። ቲዩቡንስ ያተረፉልን ጊታር ተጫዋቾች ናቸው፤ በማጉያዎቻቸው ውስጥ 6ኤል6ና 12ኤኤክስ7 ስለሚፈልጉ በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ያሉ ፋብሪካዎች ማምረታቸውን ቀጥለዋል።

ከእኛ አገር ጋር ያለው ግንኙነት ቀጭን ቢሆንም እውነተኛ ነው። ኢትዮጵያ በአማተሮች ዘንድ የምትታወቀው ኢ ቲ በሚል መነሻ ጥሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ያለው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። የሚሠራው በዘመናዊ ሬዲዮ ነው። ነገር ግን አጭር ሞገድ መሣሪያ አይመርጥም፤ አዮኖስፌሩ ከፈቀደ አንድ ሰው በጣውላ ላይ ከሠራው ቲዩብ የወጣው ምልክት አዲስ አበባ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው አንቲክ ዋየርለስ አሶሲዬሽን (የጥንታዊ ሬዲዮ ማኅበር) በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ አንድ የአየር ስብሰባ ያዘጋጃል፤ የሚገቡበት ማስተላለፊያዎች በ1929 ወይም ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ፣ ቲዩቦቻቸውም የዚያ ዘመን መሆን አለባቸው። በእነዚያ ሌሊቶች በ80 ሜትር ሞገድ ላይ ሬዲዮውን የከፈተ ሰው፣ ከዘመናዊዎቹ ንጹሕና ቀጥ ያለ የሞርስ ድምፅ መካከል ሌላ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ቁልፉ ሲጫን የኃይል ማመንጫው ትንሽ ይደክማል፣ ቮልቱ ሲወርድ ሞገዱም አብሮ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ነጥብና ሰረዝ እንደ ወፍ «ጪው» ይላል። በዘመናዊ ሬዲዮ ይህ ጥፋት ነው፤ የሰሙት ሰዎች «ሬዲዮህ ታሟል» ብለው ይልኩልሃል። በዚያ ሌሊት ግን የሚያዳምጠው ሰው ጪውታውን ሲሰማ መዘውሩን አቁሞ፣ የራሱን ቁልፍ ይስባል፣ የራሱም ሬዲዮ እየተንሸራተተ ይመልስለታል።